የለጠፋችሁት ጽሑፍ በሌላ ሰው ስም ሲወጣ፦ ከመለጠፍ በፊትና በኋላ የሚደረጉ 10 ነገሮች

«ፌስቡክ ላይ በክፍል በክፍል የለጠፍኩትን ታሪክ አንድ የዩቲዩብ ቻናል እየተረከው ነው። ምን ላድርግ?»

ይህ ጥያቄ በውስጥ መስመር ሳይደርሰኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። አንዳንዴ ታሪኩ ግጥም ይሆናል፣ ዩቲዩቡ ደግሞ የቴሌግራም ቻናል። መጨረሻው ላይ ግን ሁሌም አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ለነገሩ አንዴ ከለጠፍኩት በኋላ የሁሉም ሆኗል መሰለኝ።»

አልሆነም። በኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ ጽሑፋችሁ የራሳችሁ ፈጠራ ከሆነና የሆነ ነገር ላይ ከሰፈረ ጥበቃ አለው። ለዚህ ምዝገባ አያስፈልግም። ጥሩ ይሁን መጥፎ፣ ረጅም ይሁን አጭር አይጠየቅም። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለ ድረስ ይቆያል፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይቀጥላል።

እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ ሰዎች መብት አንሷቸው አልተሸነፉም። ማስረጃ አልያዙም፣ ወይም ከመጨረሻው ደረጃ ጀመሩ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- የጽሑፉ የመጀመሪያ ፋይል። ወርድ፣ ጉግል ዶክስ ወይም የስልክ ኖት ሊሆን ይችላል። በእጅ የተጻፈ ረቂቅ ካለም አትጣሉት።
- ዘወትር የምትከፍቱት ኢሜይል።
- የለጠፋችሁበት ሊንክ ከነቀኑ።
- መመዝገቢያ። ኤክሴል ቢሆን ጥሩ፣ ደብተርም ይበቃል።
- መታወቂያችሁ ላይ ያለው ሙሉ ስም። በብዕር ስም የምትጽፉ ከሆነ ስሙ የእናንተ መሆኑን የሚያሳይ ነገር።
- ስክሪን በቪዲዮ መቅዳት የሚችል ስልክ ወይም ኮምፒውተር።

1. ከመለጠፋችሁ በፊት ቀን ያለው ቅጂ አስቀሩ

ሙሉውን ጽሑፍ ለራሳችሁ በኢሜይል ላኩት። ርዕሱን የኢሜይሉ ርዕስ አድርጉት። ፋይል ላይ የሚታየውን ቀን የኮምፒውተሩን ሰዓት በመቀየር ማዛባት ይቻላል። የኢሜይልን ቀን የሚመዘግበው ግን የኩባንያው ሰርቨር ነው፣ እናንተ አትነኩትም።

ጉግል ዶክስ ላይ የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ የለውጥ ታሪኩን አትናቁት። ረቂቁ ከቀን ወደ ቀን እንዴት እንዳደገ ያሳያል። የቀዳባችሁ ሰው የመጨረሻው ጽሑፍ አለው። የሰረዛችሁት አንቀጽ፣ የቀየራችሁት መግቢያ፣ ሦስት ጊዜ የሞከራችሁት መጨረሻ ግን የለውም። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ማስጠንቀቂያ፦ በታሸገ ፖስታ ለራስ መላክ የሚባለውን ዘዴ አትመኑበት። ያልታሸገ ፖስታ ልኮ በኋላ ማሸግ ስለሚቻል ክብደት አይሰጠውም።

2. የምትለጥፉበትን ቤት ውል እወቁ

አካውንት ስትከፍቱ «እስማማለሁ» ብላችኋል። በምን እንደተስማማችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ።

ፌስቡክ ላይ የጽሑፉ ባለቤት እናንተ ናችሁ፣ ውሉ ራሱ ይህን ይላል። ለኩባንያው የሰጣችሁት የመጠቀም ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ሰፊ ነው፦ ክፍያ የለውም፣ በመላው ዓለም ይሠራል፣ መቅዳት፣ ማሳየት፣ መተርጎም ይፈቅዳል። ግን ብቸኛ ፈቃድ አይደለም። ያንኑ ጽሑፍ ለመጽሔት መስጠትም በመጽሐፍ ማሳተምም ትችላላችሁ። ጽሑፉን ስታጠፉት ፈቃዱም ያበቃል፤ ከኩባንያው ማከማቻ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ግን እስከ 90 ቀን ሊፈጅ ይችላል። ዩቲዩብም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው፦ ባለቤትነቱ የእናንተ፣ የመጠቀም ፈቃዱ የእነሱ።

እዚህ ላይ ሰው የሚምታታበት ነገር አለ። ፈቃዱን የሰጣችሁት ለኩባንያው ነው። ጎረቤት ገጽ ኮፒ ፔስት እንዲያደርግ አልፈቀዳችሁም። ሼር ሲደረግ ስማችሁና ገጻችሁ አብረው ይሄዳሉ፣ ዋናውን ስታጠፉት ሼር የተደረገውም አይታይም። ኮፒ የተደረገ ጽሑፍ ግን ከእናንተ እጅ ወጥቷል። «ሼር ማድረግ መብቴ ነው» ለሚላችሁ ሰው መልሱ ይኸው ነው።

የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ሜታ በይፋ የተለጠፉ ጽሑፎችን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሠልጠኛ አድርጎ እንደሚጠቀም ራሱ አሳውቋል። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ የምትኖሩ ለዚህ የተዘጋጀ የተቃውሞ ቅጽ አላችሁ።

ከእነዚህ ይበልጥ የሚያስፈሩኝ ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው የጽሑፍ ውድድር ነው። ደንቡ ውስጥ «የተላከው ጽሑፍ መብት ሙሉ በሙሉ ለአዘጋጁ ይተላለፋል» የሚል መስመር ካለ፣ ባታሸንፉም ጽሑፉን ልታጡት ትችላላችሁ። ሁለተኛው ለዩቲዩብ ቻናል በክፍያ ስክሪፕት መጻፍ ነው። በአዋጁ መሠረት፣ በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ (የመቅዳት፣ የመተርጎምና ለሕዝብ የማሰማት መብቱ) የአሠሪው ነው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር። ስለዚህ ስምምነቱን ከመጀመሪያው ስክሪፕት በፊት በጽሑፍ አድርጉት።

3. ስማችሁን ጽሑፉ ሆድ ውስጥ አስገቡት

መጨረሻ ላይ ብቻ የተጻፈ ስም አንድ ጣት በማንሸራተት ይቆረጣል። ከርዕሱ ሥር አንዴ፣ መሐል ላይ አንዴ፣ መጨረሻ ላይ አንዴ ጻፉት። በክፍል የሚወጣ ታሪክ ከሆነ በየክፍሉ ድገሙት። ከሥሩ ይህን የመሰለ መስመር ጨምሩ፦

«© 2017 ዓ.ም፣ (ስማችሁ)። ሼር ማድረግ ይቻላል። ኮፒ ማድረግ፣ በድምፅ መተረክና በፒዲኤፍ ማሰራጨት ያለ ጸሐፊው የጽሑፍ ፈቃድ አይቻልም።»

መስመሩ ባይኖርም መብታችሁ አይቀነስም። ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ቀድቶ የተገኘው ሰው «የተከለከለ መሆኑን አላወቅኩም» ማለት አይችልም።

የቴሌግራም ቻናል ካላችሁ ይዘት ማስቀመጥና ማስተላለፍ የሚከለክለውን ቁልፍ አብሩት። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2021 ጀምሮ አለ። በሌላ ስልክ ፎቶ የሚያነሳውን ወይም እያነበበ የሚተርከውን ግን አያስቆምም።

4. ቅጂ ፈልጉ

በወር አንዴ ይበቃል። ከጽሑፋችሁ ሌላ ሰው ሊጽፈው የማይችለውን አንድ ዓረፍተ ነገር ምረጡና በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁ ጉግል ላይ ፈልጉ። ቴሌግራም ውስጥም ደግሙት።

አማርኛ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፣ ሞክሼ ፊደላት። እናንተ «ሠርግ» ያላችሁትን ቀጂው «ሰርግ» ብሎት ከሆነ ፍለጋው አያገኘውም። «ፀሐይ»፣ «ጸሀይ»፣ «ፀሀይ» ሦስት የተለያዩ ቃላት ሆነው ነው የሚቆጠሩት። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ የሌሉበት ዓረፍተ ነገር ብታገኙ ይመረጣል። ካልተገኘ ሁለት ሦስት አጻጻፍ ሞክሩ።

ትረካ ውስጥ ያለው በድምፅ ስለሆነ በዓረፍተ ነገር አይገኝም። በርዕሱና በገጸ ባሕርያቱ ስም ፈልጉ። ርዕስ ይቀየራል፣ የገጸ ባሕርይ ስም ግን ብዙ ጊዜ እንዳለ ይቀራል።

5. አንድ ቃል ከመናገራችሁ በፊት ማስረጃ ሰብስቡ

ብዙዎች የሚጎዱበት ደረጃ ይህ ነው። ሰው ሲናደድ ኮሜንት ላይ ይጽፋል፣ «ሌባ!» ይላል። ያኛው ኮሜንቱን ያጠፋል፣ ጽሑፉን በትንሹ ይቀይራል፣ ከዚያ ብሎክ ያደርጋል። ብሎክ ከተደረጋችሁ በኋላ ደግሞ ገጹን በራሳችሁ አካውንት ማየት አትችሉም። አንዲት ወዳጄ በዚህ መንገድ ሙሉ ልብ ወለድ ተቀድቶባት አንድ ስክሪንሾት እንኳ አልቀራትም።

ስለዚህ በዝምታ እነዚህን ያዙ፦

- የቀጂውን ጽሑፍ ወይም ቪዲዮ ሙሉ ሊንክ። ቴሌግራም ላይ እያንዳንዱ ልጥፍ የራሱ ቁጥር ያለው ሊንክ አለው፤ የቻናሉ ስም ብቻውን አይበቃም።
- ቀኑ፣ የገጹ ስምና የተመልካቹ ቁጥር የሚታይበት ስክሪንሾት።
- ትረካ ከሆነ፣ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ስትከፍቱት የሚያሳይ የስክሪን ቅጂ።
- የእናንተ ክፍልና የእሱ ደቂቃ ጎን ለጎን የተጻፈበት ሠንጠረዥ።
- በዌይባክ ማሽን (የድረ ገጾችን ቅጂ ከነቀኑ በሚያስቀምጥ ድረ ገጽ) የተቀመጠ ቅጂ። ለብሎግ ጥሩ ይሠራል፣ ፌስቡክን ግን በደንብ አይቀዳም።

ሠንጠረዡን ለምን እንደምደጋግም ከራሴ ላሳያችሁ። ቴሌግራም ላይ በ12 ክፍል የለጠፍኩት ታሪክ ነበረኝ። ክፍል 4 ላይ የዋናዋን ልጅ አክስት «እትዬ ብርቄ» ማለት ሲገባኝ አንድ ቦታ ላይ «እትዬ በለጡ» ብዬ ጽፌአለሁ። አንባቢም አላየው፣ እኔም አላየሁት። ከወራት በኋላ ታሪኩን በትረካ አገኘሁት። ተራኪው «የራሴ ድርሰት ነው» ይላል። ቁጭ ብዬ ከክፍሎቹ ጋር እያመሳከርኩ ሰማሁት። 23ኛው ደቂቃ ላይ «እትዬ በለጡ ረከቦቱን አቀረቡ» አለ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ብርቄ ናቸው። የክፍል 4ን ስክሪንሾትና የ23ኛውን ደቂቃ ቅጂ ጎን ለጎን አድርጌ ላክሁለት። መልስ አልሰጠም፤ ቪዲዮው በማግስቱ ወረደ።

ከዚያ ወዲህ የታተሙ ስህተቶቼን ሳስተካክል እንኳ የመጀመሪያውን ቅጂ አስቀምጣለሁ። እናንተም አስቀምጡ።

6. በእርግጥ መብታችሁ መነካቱን አጣሩ

ሁሉም መመሳሰል ስርቆት አይደለም። ሕጉ ሐሳብን አይጠብቅም፣ ሐሳቡ የተገለጸበትን መንገድ እንጂ። «ከገጠር መጥታ አረብ አገር የሄደች ልጅ» የሚል ታሪክ የማንም ሊሆን ይችላል። የእናንተ ዓረፍተ ነገሮች፣ ንግግሮችና የትዕይንት ቅደም ተከተል ግን የእናንተ ናቸው። በዕለት ዜና ውስጥ ያለው መረጃ ብቻውንም ጥበቃ የለውም። ስማችሁንና ምንጩን ጠቅሶ በልክ መጥቀስም ይፈቀዳል።

በሌላ በኩል «ስምሽን ጠቅሻለሁ» ማለት ፈቃድ አይሆንም። ስም መጠቀስ የሞራል መብት ነው። መቅዳት፣ መተርጎም፣ ለሕዝብ ማሰማት ደግሞ የኢኮኖሚ መብት ነው። ሙሉ ታሪካችሁን የተረከ ሰው ስማችሁን ቢጠራም ፈቃድ ያስፈልገዋል። «ከማኅበራዊ ሚዲያ የተገኘ» ብሎ መጻፍ ደግሞ ሁለቱንም መብት ይጥሳል።

7. ለቀጂው በጨዋነት ጻፉለት

ብዙ ወጣት ተራኪዎች ከቴሌግራም ያገኙትን ባለቤት የሌለው መስሏቸው ነው የሚያነቡት። መጀመሪያ እንደዚያ ገምቱ። በውስጥ መስመር ይህን ላኩ፦

«ሰላም። በ(ቀን) የለቀቃችሁት (ርዕስ) እኔ በ(ቀን) በ(ሊንክ) የለጠፍኩት ጽሑፍ ነው። ፈቃድ አልሰጠሁም። እስከ (ቀን) ድረስ ከገጻችሁ እንድታነሱት፣ ወይም በፈቃድ ለመቀጠል ከፈለጋችሁ እንድታነጋግሩኝ እጠይቃለሁ። ማነጻጸሪያውን አያይዣለሁ።»

አምስት ቀን ስጡ። ስድብ አታስገቡ፣ «አስዘጋሃለሁ» አትበሉ። ይህ መልእክት ነገ ሌላ ሰው ፊት የሚቀርብ ወረቀት ነው።

8. የማስወገጃ ጥያቄ አስገቡ

መልስ ካልመጣ ወደ መድረኩ ሂዱ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች የሚከተሉት እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣውን ዲኤምሲኤ የሚባለውን የአሜሪካ የኮፒራይት (የቅጅ መብት) ሕግ አሠራር ነው። አዲስ አበባም ሆናችሁ ዱባይ ቅጹን መሙላት ትችላላችሁ። የሚጠየቁት ነገሮች ተመሳሳይ ናቸው፦ ማንነታችሁና አድራሻችሁ፣ የእናንተ ሥራ ከነሊንኩ፣ የቀጂው ትክክለኛ ሊንክ፣ ያለፈቃድ መሆኑን በቅን ልቦና እንደምታምኑ፣ የሰጣችሁት መረጃ ትክክል መሆኑን፣ መጨረሻ ላይ ፊርማ። ማብራሪያውን በአጭር እንግሊዝኛ ጻፉት፤ የአማርኛውን ርዕስ ትርጉምም ጨምሩ። የሚያነበው ሰው አማርኛ አያውቅ ይሆናል፣ ስለዚህ የደቂቃ ሠንጠረዡ እዚህም ያግዛችኋል።

*ዩቲዩብ።* ቪዲዮው ሥር ያለውን ተራ የሪፖርት ቁልፍ ተጭናችሁ አትሂዱ፤ የኮፒራይት ማስወገጃ ቅጹን ሙሉ። ወዲያው እንዲወርድ ወይም ለቻናሉ 7 ቀን እንዲሰጠው መምረጥ ትችላላችሁ። በራሱ ካወረደው የቅጣት ምልክት አይመዘገብበትም። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ምልክት የደረሰበት ቻናል ሊዘጋ ይችላል። ይህን ስለሚያውቁ ብዙዎቹ በ7ቱ ቀን ውስጥ ያወርዱታል።

*ፌስቡክና ኢንስታግራም።* የሜታ የኮፒራይት ቅጽ አለ። ማስገባት የሚችለው ባለመብቱ ወይም ሕጋዊ ወኪሉ ብቻ ነው። ጓደኞቻችሁን አስተባብራችሁ «ሪፖርት አድርጉልኝ» ማለት አይረዳም።

*ቴሌግራም።* ይፋዊ ቻናልና ቦት ላይ የቀረበ ጥያቄ ይመለከታሉ። የግል ቻትና ግሩፕ ውስጥ ያለውን ግን እ.ኤ.አ. እስከ 2024 ድረስ አንመለከትም ይሉ ነበር። ጥያቄው የሚላከው «ዲኤምሲኤ» በሚል ስም በሚጀምረው የቴሌግራም ኢሜይል ነው። የልጥፉን ሊንክ አንድ በአንድ ዘርዝሩ። ክፍል 1ን ብቻ ብትልኩ ሊወርድ የሚችለው ክፍል 1 ብቻ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በቅጹ ላይ የምትሞሉት ስምና ኢሜይል ለተከሰሰው ሰው ሊደርስ ይችላል። በብዕር ስም የምትጽፉ፣ በተለይ ለደኅንነታችሁ ብላችሁ ከሆነ፣ በጠበቃ ወይም በሌላ ወኪል በኩል አስገቡ። ሁላችሁም ደግሞ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን ኢሜይል ክፈቱ።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ የሰውን ሥራ «የኔ ነው» ብሎ መሙላት ተጠያቂነት ያመጣል። ሁለት ሆናችሁ የጻፋችሁት ከሆነ መጀመሪያ ከጓደኛችሁ ጋር ተነጋገሩ።

9. ተቃውሞ ቢያቀርብ አትደንግጡ

ቪዲዮው የወረደበት ሰው «ስህተት ነው» ብሎ የመልስ ማመልከቻ ማስገባት ይችላል። ዩቲዩብ ላይ ይህ ከሆነ 10 የሥራ ቀናት አላችሁ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ክስ መመሥረታችሁን ካላሳያችሁ ቪዲዮው ሊመለስ ይችላል። ዘወትር የምትከፍቱት ኢሜይል ያስፈልጋችኋል ያልኩት ለዚህ ነው። ብዙ ቀጂዎች ግን እዚህ ድረስ አይመጡም፣ ምክንያቱም እውነተኛ ስማቸውንና አድራሻቸውን መጻፍ አለባቸው።

10. ነገሩ ከበድ ካለ አስመዝግቡ፣ ወደ ሕግ ሂዱ

ኢትዮጵያ ውስጥ ምዝገባ ግዴታ ባይሆንም የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሥራችሁን መዝግቦ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። በመጽሐፍ የምታወጡት፣ ፊልም ሊሆን የሚችል ወይም ብዙ ጊዜ የሚቀዳባችሁ ሥራ ካለ አስመዝግቡት። ፍርድ ቤት ውስጥ «ማን ቀደመ» የሚለውን ክርክር ያሳጥራል። ፍርድ ቤት ካሳም እገዳም ሊሰጥ ይችላል፤ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥሰት በወንጀልም ያስጠይቃል። ውጭ አገር ያላችሁ በኤምባሲ በኩል ለአገር ቤት ሰው ውክልና መስጠት ትችላላችሁ።

አሜሪካ የምትኖሩ ጸሐፊዎች የማታውቁት ጥሩ ነገር አለ። የአሜሪካ ኮፒራይት ቢሮ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ኢንተርኔት ላይ የወጡ አጫጭር ጽሑፎችን በጥቅል ይመዘግባል። በሦስት ወር ውስጥ የለጠፋችኋቸውን እስከ 50 ጽሑፎች በአንድ ማመልከቻ ማስገባት ይቻላል። እያንዳንዱ ከ50 እስከ 17,500 ቃላት መሆን አለበት። የወጣው ክፍያ ለጠቅላላው 65 ዶላር ነበር። ልጥፉ በወጣ በሦስት ወር ውስጥ ወይም ከመቀዳቱ በፊት መመዝገብ ትልቅ ልዩነት አለው፤ በሕግ የተወሰነ ካሳና የጠበቃ ወጪ መጠየቅ የምትችሉት ያኔ ነው። ስለዚህ በየሩብ ዓመቱ ቀን ያዙለት።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

«ፌስቡክ ጽሑፌንና ፎቶዬን እንዲጠቀም አልፈቅድም» የሚለውን እየተቀባበሉ መለጠፍ። ምንም አይለውጥም። ፈቃዱ የሚቀረው አካውንቱን ስትዘጉ ወይም ጽሑፉን ስታጠፉ ነው።

የተቀዳውን ሲያዩ ደንግጦ የራስን ልጥፍ ማጥፋት። መጀመሪያ የወጣው የእናንተ መሆኑን የሚያሳየውን ማስረጃ በገዛ እጃችሁ ታጠፋላችሁ። ማጥፋት ከፈለጋችሁ ነገሩ ካለቀ በኋላ ይሁን።

አካውንቱ ውስጥ ያለውን እንደ ማኅደር መቁጠር። አካውንት ይጠለፋል፣ ይዘጋል። ፌስቡክ ላይ መረጃችሁን የማውረጃ (ዳውንሎድ) ቁልፍ አለ፣ በዓመት ሁለቴ ተጠቀሙበት።

በቃል መስማማት። «ተርከው፣ ችግር የለም» ያላችሁት ሰው ነገ መጽሐፍ አድርጎ ቢያሳትመው ምን እንደፈቀዳችሁ የሚያሳይ ነገር አይኖራችሁም። በአዋጁ መሠረት የኢኮኖሚ መብት ማስተላለፍም ፈቃድ መስጠትም በጽሑፍ መሆን አለበት። ከተራኪው ጋር ስትስማሙ አምስት ነገር ጻፉ፦ የትኛው ሥራ፣ በየትኛው ቻናል፣ ለስንት ጊዜ፣ በስንት ብር፣ ስማችሁ የትና እንዴት እንደሚጠራ። «ከዚህ ውጭ ያለው መብት ሁሉ የደራሲው ነው» የሚል መስመር ጨምሩበት። ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ፎቶ አንሱት፣ ለራሳችሁ ኢሜይል ላኩት።